ጎን ሁለት፣ ሦስተኛው ዘፈን ሊጀምር ሲል

የገና ዋዜማ። ሱቄን ልዘጋ ነው፤
ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ያለው፣
አንድ ሰው ሲገባ ሁለተኛውን ሰው ደጅ የሚያስቆመው።
የድሮው ሱቄማ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤
ዛሬ የብስክሌት መንገድ፣ ዛሬ የአበባ አጥር።
እኔም ካሴት ሽቦዬን በጋሪ ጭኜ ስዞር፣ ስዞር፣
እዚህ አረፍኩ። ይኼም ሱቅ ከተባለ፣ እግዜር ይክበር።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ገባ።
ሃምሳን ያለፈ፣ ካፖርቱ የሰፋው፣ ጫማው የተወለወለ፣
በጋዜጣ የጠቀለለውን በክንዱ አቅፎ፣
እንደ አራስ ልጅ፣ አንገቱን ደግፎ።
«ሸክላ ታጫውታለህ?»
«አጫውታለሁ፣ እጠግናለሁ፣
ወደ ፍላሽም እገለብጣለሁ።»
«ጥገናስ ይቅር» አለና ፈታው።

ሽፋኑ ላይ እሷ ናት፣ ትርንጎ ወልደየስ፤
ጎፈሬዋ እንደ ጣራ፣ ቀሚሷ እስከ መሬት፣
«የገና ዘፈኖች» የሚለው ቀይ ቀለም
ሽሮ እስኪመስል ድረስ ወይቦ ከትከሻዋ በላይ።
ያገር ቤቱን ዜማ ከየሜዳው ለቅማ፣
በክራር፣ ባኮርዲዮን፣ በዚያ ወፍራም ድምጿ
ባንድ ሌሊት ቀድታ ላዲስ አበባ ሰጠች።
ከዚያ ወዲያ ደግማ ገናን አልዘፈነችም፤
ለምን ለሚላትም መልስ አልሰጠችም።

መርፌውን ጣልኩበት።
ጨው እሳት ላይ እንደወደቀ ተንጣጣ፤
ቀጥሎ ክራሩ፣ ከክራሩ ኋላ እሷ ራሷ መጣች።
ሩሯን፣ አቧራውን፣ ያጎንብስ ዱላውን፣
ጌታና ሎሌው ትከሻ ሲጋፉ፣
ሁሉን ካፏ አውጥታ፣
የክፍሌን ግድግዳ ገፋ ገፋ አድርጋ ሜዳ አስመሰለችው።
ደጅ የጎረቤት በግ ጮኸ።
እሱም ከሸክላው ውስጥ መሰለኝ።

እጄ ግን ልማዱን አይተውም፤ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣
«ላጽዳልህ» አልኩት፣ «ይኼን መንጣጣቱን፣ ይቺንም ሳሏን።
ጎን ሁለት ላይ ደግሞ፣ ሦስተኛው ሊጀምር ሲል፣
ሰው የሚያወራበት የተረሳ ቦታ አለ፤
እሱን ቆርጬ ባወጣው፣ መስታወት ነው የሚሆነው።»
እጄን ያዘኝ። ጉልበት ነበረው።
«የመጣሁት ለሱ ነው» አለኝ።
«ዘፈኑንማ የትም አገኘዋለሁ።»

ሸክላውን ገለበጥኩ። ድምፁን ከፍ አደረግሁ።
መንጣጣት። ወንበር ሲጎተት። አኮርዲዮን ሲተነፍስ።
ከዚያ የሷ ድምፅ፣ የመድረክ ያልሆነ፣ የጓዳ፣
ቀጭን፣ የደከመ፣ ሲነጋጋ የሚሰማ፤
«ልጁ ተኛ?»
አንድ ወንድ ከሩቅ፤
«ተኝቷል፤ የክራሩ ሳጥን ውስጥ።»
«እንግዲያው ቀስ በሉ።»

ቀስ አሉ።
ስለ ግርግሙ የሚለው ዘፈን እንደ ሹክሹክታ ጀመረ።
ሃምሳ ዓመት ሙሉ አገር ያን ዝግታ ሲያደንቅ፣
ሊቅ ነኝ ባዩ ሲተነትን፣ ዘፋኙ ሁሉ ሊቀዳው ሲሞክር፣
ያን ስስ ድምፅ ላምላክ የተሰጠ ክብር ነው ሲባል
ለካ አንድ ሕፃን እንዳይነቃባት ነበር።

ሰውየው አላለቀሰም።
የሽፋኑን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣
ያረጀ ቁስል ሽፍኑ እንደሚዳሰሰው።
ቅጂው ላይ የምጽፈውን ስም ጠየቅሁት።
«ልደቱ» አለኝ፣ «ልደቱ ብቻ።»
አባቱን አላለኝ፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ያቺን ብቻ ቆርጬ ፍላሽ ላይ ሰጠሁት።
«ስንት ነው?»
«አሥራ አንድ ሰከንድ» አልኩት።
ለካ ዋጋውን ነበር የጠየቀኝ።

ሸክላውን መልሶ በጋዜጣው አለበሰው።
ሸክላ ሲወድቅ ገል መሆኑን ከኔ ይልቅ የሚያውቅ ሰው ነው፤
ደረጃውን ሲወጣ እግሩን እያየ፣ አንድ በአንድ ወጣው።
ከላይ ጊዮርጊስ ደወሉን ጀመረ፣
መንገዱ በበግ ጎታች፣ በነጠላ ተሞልቷል።

የኔ በር ቆርቆሮ ነው።
ሁልጊዜ ገጭ አድርጌው ነበር የምሄድ።
ያን ማታ ግን፣ እኔ እንጃ፣
ባንድ እጄ ከታች ደግፌ፣
ቀስ።