ሰባተኛዋ ቃሪያ

ከትኩሳቱ ተርፋ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ፣
ምላሷ አብሯት መጣ፤ ጣዕሙ ግን ቀረ ሳይመጣ።
ሩዙ አመድ ሆነባት፣ ሎሚው የባልዲ ውሃ፤
አራት ወር ሙሉ ገበታችን ሆኖ ከረመ በረሃ።

እኔ ኢንታ፣ ከናን እስከ ፕሬ አውቶቡስ የነዳሁ፣
ሠላሳ ዓመት መሪ እንጂ ማማሰያ ያልጨበጥሁ፣
ዛሬ ከሰል አያይዤ ከጓሮ በር ቁጢጥ አልሁ።

አምስት ደበርጃን አሉኝ፣ ረዣዥም፣ አረንጓዴ፤
የፍሉክ እናት ሰጠችኝ፣ ግን አልሰጠችኝም ዘዴ።
“ልጣጩን ሳትነካ፣ እንዳለ እሳቱ ላይ ጣለው፤
ጠቆረ ብለህ አትደንግጥ፣ ውስጡ የሚበስል ውጩ ሲከስል ነው”
አለችኝ ቡዋጂን፣ ከቀርከሃው አልጋ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ማራገቢያው ተሰነጠቀ። ጭሱ ዞሮ ዓይኔን ወጋ።
አንዱ ደበርጃን ፈነዳ፣ አመዱ ላይ ተዘረጋ።
“በሹካ ሳትወጋው ነው፤ ነፋስ ሲነፋው ሆዱ
ይፈነዳል ሳይናገር፤ ጠባዩ ነው የወንዱ።”
ከአራት ወር ወዲህ ስትቀልድ ያኔ ገና ሰማሁ፤
የቀሩትን አራቱን በጉጠት እያገላበጥሁ።

ውሃ ውስጥ ነከርኋቸው። ጥቁሩ ልብስ ወለቀ፤
ጣቴን ለበለበኝ፤ አንዳንዱ ልጣጭ ተጣበቀ፣
መቀመጫ ሥር እንደ ቀረ ትኬት፣ ረግጠውት እንደ ደረቀ።

ቃሪያና ሽንኩርቱ ጠቆር ጠቆር ሲል አነሣሁ፤
የድንጋይ ሙቀጫዋን ከአራት ወር አቧራ አጠብሁ።
ማሽተት አትችል፣ መቅመስ አትችል፤ ጆሮዋ ግን አለ።
“ድንጋይ ከድንጋይ ነው የሚጮኸው፤ ሽንኩርቱ ሸሽቶ ተንከባለለ።
ዘነዘናውን አዝምም። አሁን ድምፁ ወፈረ። አሁን ተወው።”
እኔም ሞተሩ ዳገት ላይ ማርሽ ሲለምን እንዲሁ ነበር የማውቀው።

የዓሣ መረቁን፣ ሎሚውን፣ የዘንባባ ስኳሩን
ደርድሬ፣ “ስንት ማንኪያ?” አልኋት፣ ረስቼ ሁሉን።
ዝም አለች።
ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች።

በራሴ ምላስ ቀመስሁ። ጨው በዛ፤ ሎሚ ጨመርሁ፤
ሎሚው በዛ፤ ስኳር፤ ስኳሩ በዛ፤ ወደ ጨው ዞርሁ፤
እንደ ተራራው መንገድ ተጠማዝዤ፣ የት እንደ ደረስሁ አላውቅሁ።

“ቃሪያ ስንት ከተትህ?”
“ሦስት።”
“የሕፃን ምግብ ነው። ጨምርበት።”
አራት። አምስት። ፍሉክ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆጥራል፤
“አጎቴ፣ አክስቴን ልትገድላት ነው?” ይለኛል።
ስድስት።
“አንድ ደግሞ ለመንገድ” አለች። ሰባተኛዋም ደቀቀች።

ደበርጃኑን ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ መረቁን አፈሰስሁበት፤
ናናውን በጣቴ ቀደድሁበት፣ ደረቁን ሽሪምፕ በተንሁበት፤
እንቁላሉን ለሁለት ስከፍለው አስኳሉ ፈሰሰ። ተውሁት።

በሩዝ ጠቅልላ ጎረሰች።
ወንዙን እያየች አኘከች።
እንደ ሁልጊዜው፣ ምንም።
ውሻው አዛጋ። ከሰሉ ተንጣጣ። አልተነጋገርንም።

ከዚያ ጆሮዋ ቀላ።
ግንባሯ ላይ ላብ ፈላ።
እፍ እፍ አለች፤ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ተንከባለለ፤
“ጣዕሙስ የለም፣ ኢንታ። እሳቱ ግን አለ።
እዚህ ጋ፣” ምላሷን አሳየችኝ፣ “አንድ ሰው በር ይመታል፤
ማን እንደ ሆነ አልለየሁትም፤ ግን መጥቷል።”

ውሃ ላመጣ ተነሣሁ። “ተቀመጥ!” ብላ ጮኸች፤
ሳህኑን በሁለት እጇ ወደ ጉልበቷ ሳበች።
እኔም ጎረስሁ። እኔም አለቀስሁ። ጨው በዝቶት ነበር፣ እውነቴን ነው፤
አፍንጫችንን በአንድ ፎጣ ነው ያበስነው።

ፍሉክ ለእናቱ ሮጦ፣ “ተጣልተው ይላቀሳሉ” አለ፤
እሷም ልታስታርቀን መጣች፣ ሻሿ ወደ ኋላ እንደ ዋለለ፣
ሦስት ደበርጃን በእቅፏ፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ድረስ።
“በሹካ ውጋቸው፣ ኢንታ” አለች ቡዋጂን፣ ዕንባዋን ሳታብስ።