ፀሐይ እስክትገባ

ቤት የሚታጠበው ከላይ ነው፤ ይህን ነው የተማርን፤
የሩሃም፣ በውሃ ማሞቂያው በርሜል ሥር፣ ከጣሪያው ጀመርን።
የዚያ ማክሰኞ ነፋስ ያራገፈውን፣
ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ ዐይን የማያየውን፣
በብሩሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከሲሚንቶው ላይ ለቀምን።
በደረቅ መጥረግ ክልክል ነው፤ አቧራው ከተነሣ
መንገዱ ወደ ሳንባ ነው፤ አደራ፣ ይህ እንዳይረሳ።

በእጄ የያዝኩት የጨረር መቁጠሪያ እንደ ምሽት ፌንጣ ይንጣጣል፤
አንድ ነጥብ ስምንት። ከአሸንዳው ሥር ሲደርስ ይጮኻል።
ዝናቡ የጠራቀመው እዚያ ነው፤ እዚያው ነው ጤና አዳም
እማማ ትርንጎ የተከለችው፣ ለሆድ እንጂ ለዐይን አይደለም።
ተክሉን ነቅለን፣ ሥሩን ተከትለን፣ አምስት ጣት ያህል ቆፈርን፤
በነጭ ከረጢት አስረን፣ ቁጥር ጽፈን፣ ደጇ ላይ ከመርን።
እሷ ዝም።

መሐንዲሱ ወረቀቱን ዘርግቶ በዕብራይስጥ አነበበ፤
እኔ ወደ አማርኛ መለስኩ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፦
«ጫማ ከደጃፍ ይውለቅ። ልብስ ለብቻው ይታጠብ።
ከውጭ የገባ ይለቃለቅ። ዕቃም ተለይቶ ይሰብሰብ።»

ሳቀች።
«ለእኔ ነው ይሄን የምትነግረኝ? የመርገም ጎጆ የተቀመጥሁ፣
ሰባት ቀን ተለይቼ፣ ወንዝ ወርጄ የወጣሁ፣
ከገበያ ስመለስ ከነልብሴ ውሃ የገባሁ፣
ጎረቤት ‹አትንኩኝ› ብሎ ስም ሲያወጣልኝ የኖርሁ?
ንገረው፤ መርከስን ዐውቃለሁ፣ መንጻትንም አልረሳሁ።
አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፤
ይሄኛው ፀሐይ ስትገባ ይለቃል? በስንተኛው ቀን?»

ጠየቅሁት። ልጁ መሬት መሬቱን አየ።
«ግማሹ፣ በሠላሳ ዓመት።»
«የቀረውስ?»
«የቀረው ግማሽ፣ በሌላ ሠላሳ።»
ዕብራይስጡ ቀላል ነበር። መተርጎሙ ግን አቃተኝ።
«ይቆያል» አልኳት።

በመስኮት መዝጊያው ርብራብ መሃል በጥርስ ብሩሽ ፈተገች፤
የማቀዝቀዣውን ማጣሪያ ጣለች፤ የሠርጓን ምንጣፍ ጠቅልላ ሰጠች።
በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስለካ ዜሮ ነጥብ አራት አለ።
«ጥሩ ነው» አለ መሐንዲሱ።
ጥሩ ነው። የቀረው ግን አለ።

ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት
የልጅ ልጇ ኖጋ መጣች፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣
ደፍ ላይ ቆመች።
«ግድግዳውን ልንካው?» አለች።
ማንም አልመለሰ። መቁጠሪያው ብቻ አልፎ አልፎ ይንጣጣል።
እማማ ትርንጎ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣
መዳፏን ዘረጋች፣
ከልጅቱ ቀድማ ነካች።
እስኪጨልም አላነሣችውም።