እምቢ ያለው ብሩሽ

የካቲት፣ ዊኒፔግ፤ ፎቶ ቤቱ ከምድር ቤት፣
ማሞቂያው ያንኳኳል እንደ ነገረኛ ጎረቤት።
ኦሌና ገባች፣ በረዶ ከቦቲዋ አራግፋ፤
ሟች ባሏን አወጣች ከፖስታ፣ በሁለት ጣት ደግፋ፦
«አገጩ ላይ ያለው ጠባሳ ይጥፋልኝ፣
በግራ በኩል ደግሞ ጠርዙን ቁረጥልኝ።»

አጠፋሁ፤ ቆረጥሁ። አገጩ ለሰለሰ፣
እንደ ታጠበ ሳህን፣ ምንም እንዳልቀመሰ።
ከትከሻዬ ጀርባ ቆማ አየች፤ አላመነችም።
«ይሄ ማነው?» አለች፤ «ፔትሮ እኮ አይደለም።
ጠባሳውን መልስ።»

«ቀላል ነው» አልኳት፤ ሙያ አፍ ያስከፍታል።
የታሪክ ብሩሽ አለ፣ ያለፈውን ይጠራል።
ከመጀመሪያው ምስል ጎን ካለችው ባዶ ሣጥን
ምልክቱን አኑሬ፣ ዳበስሁት አገጩን።
እምቢ።
ክብ፣ በሰያፍ የተሰረዘ። ጫፉን አሰፋሁ፣
ሌየሩን ቀየርሁ፣ ፕሮግራሙን ረገምሁ፤
እምቢ።

ኋላ ነው የገባኝ፤ መቀሴ ነው ባለዕዳ፦
ያኔና አሁን በልክ ካልገጠሙ፣ ብሩሹ ይሆናል እንግዳ፣
የቱ አገጭ የት እንደሚውል አያውቅም።

በዝርዝሩ አንድ እርከን ወጣሁ፣ ከመቁረጤ በፊት፤
ፍሬሙ ተመለሰ በድሮው ስፋት።
ብሩሹ ታዘዘ፤ ጠባሳው በዳበስሁት ልክ ወጣ፣
ከዳር ግን፣ ፔትሮ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ አብሮ መጣ፤
ጥፍሩ ቀለም የተቀባ፣ የኦሌና ያልሆነ።

«ጠባሳው ይቆይ» አለች። «እጇን ግን...» ተወችው።
ቅደም ተከተሉን አሁን አውቄዋለሁ፦
መመለስ ይቀድማል፤ መቁረጥ ኋላ ነው።
«ቁርጡን ንገሪኝ» አልኳት።
ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች።
አልቆረጠችም።