ማታ በሦስት

ግሪሻ ነው የሰጠኝ፣ ከታችኛው ፎቅ፣
ሊጥለው አውጥቶ በር ላይ ሲጠብቅ።
«ውሰደው፣» አለኝ፣ «ልቡ ገና አልሞተም፤
አቧራ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለበትም።»
ቆርቆሮው ቢጫ ነው፣ እንደ አጫሽ ጥርስ፣
ማራገቢያው ያቃስታል፣ ዳገት እንደያዘ ፈረስ።

የቴሌቪዥን ካርድ፣ ከቤርሼባ ገበያ፣
በሠላሳ ሸቀል፣ ከነተሰበረ ማሰሪያ።
አንቴናውን ባልኮን ላይ፣ ልብስ ማስጫው ላይ አሰርኩ፣
ካልሲ መሃል ቆሜ፣ ምስል እስኪጠራ ወዲህ ወዲያ አዞርኩ።
ዲስኩ ሰማንያ ጊጋ፣ ግማሹ የተጎዳ፣
የቀረው ይበቃል፣ ላንድ ሳምንት እንግዳ።

አባቴ ከሶፋው ቀና ብሎ አየና፣
«ሰንበትም ይሠራል ወይ ይሄ ሎሌህ?» አለና፣
«ሎሌህም ይረፍ ይላል ኦሪት፣» ብሎ ቀጠለና…
ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልነቅለው ቃል ገባሁ፤
ለብረት ዕረፍት ሰጥቼ፣ እኔም ዐርፌ ተኛሁ።

እናቴ ያልጋነሽ የሌሊት ሠራተኛ፣
ከተማው ሲያንኮራፋ እሷ የማትተኛ፣
ከሐዲዱ ማዶ፣ ከቺፕ ፋብሪካው፣
ቅንጣት አቧራ እንዳይቀር የምትወለውለው።
የኮምፒውተር አንጎል እዚያ ነው የሚወለድ፤
ማን ያውቃል፣ የኔም ሳጥን ከሷ ጋር ይዛመድ።

«ረቡዕ ማታ በሦስት፣» አለችኝ ጫማዋን ስታስር፣
«ወንድሜ ይታያል፣ በአማርኛው ቻነል ሲናገር።
ሃያ ዓመት ጓንጉል፣ አፉላ አደባባይ፣
ይናገር የለም ወይ፣ ሰሚ ሳያገኝ ወይ?
አሁን ጠሩት አሉ፤ ሸሚዝም ገዛ አሉ፤
ያዝልኝ ልጄ፣ እንዳያመልጥህ ቃሉ።»

እኔ እዚሁ ቂርያት ጋት ተወልጄ ያደግኩ፣
ሰዓት ከግድግዳ እንጂ ከፀሐይ ያልተማርኩ፣
ሦስት ስትለኝ፣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።
ማታ አለች፤ ጨለማ ነው፤ ታዲያ ምን ይገርማል?
ለኛ ፕሮግራም ከሌሊት ሌላ መቼ ሰዓት ተሰጥቶን ያውቃል?
ዜሮ ሦስት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ።
ቀዩን መብራት አይቼ ተኛሁ፣ ልቤ በኩራት ሰክሮ።

ጠዋት ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
እጇ በረኪና ይሸታል። «ክፈተው፣» አለች።
ከፈትኩ።
ባሕር።
የአሽቀሎን ዳርቻ፣ ጥቁር፣ የማይነቃነቅ ካሜራ፣
ቻነሉ ሰው ሲያልቅበት የሚተክለው በሰው ተራ።
ድምፅ የለም። ማዕበል ይመጣል፣ ይመለሳል፤
ከሩቅ ያንድ ዓሣ አጥማጅ ፋኖስ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል።
«ጓንጉል የታለ?»
ወደፊት አሮጥኩት። ባሕር።
ወደኋላ መለስኩት። ያው ባሕር።

«ስንት ሰዓት ላይ ያዝከው?» «በሦስት፣ እንዳልሽኝ።»
ዝም አለች። ጣቶቿን ቆጠረች። ስድስት። አየችኝ።
«አይ ልጄ፣ የኔ ሦስት የማታው እኮ ነው፣
ሰው እራቱን በልቶ፣ አልጋ ሳይል ያለው።
ያንተ ሦስት ደግሞ የኔ ዘጠኝ ሰዓት፤
ያኔ ሦስተኛው ፎቅ ነበርኩ፣ ባልዲ ስገፋ በሌሊት።»

አጎቴ ታይቶ አለፈ፤ ድጋሚ አልነበረው።
በስልክ ጠየቅነው። ሳል ሳል አደረገው።
«ብዙ ተናግሬ፣ ያስቀሩት ሰላምታና ስሜን ነው፤
ሸሚዙ ግን እስከ ቁልፉ፣ በደንብ ነው የታየው።»

ያን ሳምንት ሳጥኑን አንድ ነገር አስተማርኩት፦
የናቴን ሰዓት ሲሰማ፣ ስድስት እንዲጨምርበት።

ዲስኩ ሲጠብ፣ ልሰርዝ ብዬ ያን ባሕር መረጥኩ።
እጄን ያዘችኝ።
«ተወው። ያቺን ሰዓት መልኳን አላውቀውም።
አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት አደርኩ፣ ወለል ላይ ጎንበስ ብዬ፤
ውጭ ምን እንደሚመስል ቀና ብዬ አላየሁም።»

አሁንም አንዳንዴ፣ ዕረፍቷ ሲሆን፣ ትከፍተዋለች።
ማራገቢያው ያቃስታል። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች።
ሰላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ፋኖሱ ብልጭ ሲል፣
«አየህ፣» ትለኛለች፣
«እሱም አልተኛም ነበር።»