የመመለሻ ቀን

የድሬ ውኃ ኖራ አለው።
ሳሙናው መኩረፍ ሲገባው ያኮርፋል፣
ማንቆርቆሪያው ሥር ድንጋይ ይጋገራል፣
ነጩን ጨርቅ ችላ ካሉት ግራጫ ያለብሰዋል።
ይህን የነገሩኝ አው ዘከርያ ናቸው፣
ከዚራ፣ ከሆቴሉ ጓሮ፣ ካውያው ፊት ቆመው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእንፋሎት ጋር ኖረው።

እኔ ኢፍቱ ነኝ።
ጠዋት አንድ ሰዓት ጋሪው ሲገባ
ፎጣ ስድሳ፣ አንሶላ አርባ፣
በመጋረጃ የተጠቀለለ የብቻ ካልሲ፣
የሻይ እድፍ፣ የሂና እድፍ፣ የማንጎ።
የሰው ፊት አላውቅም፤ እድፉን አውቃለሁ።
ሁለት መቶ አራት ሌሊቱን እንዳለቀሰ፣
ሦስት መቶ አንድ ጫቱን ፍራሽ ላይ እንደበተነ፣
ባልና ሚስቱ ጀርባ ለጀርባ እንዳደሩ
ከጨርቁ እሰማለሁ፣ ለማንም አልነግርም።
«አጣቢና መቃብር ቆፋሪ» ይሉ ነበር እሳቸው፣
«ምሥጢር ካወጡማ ማን ይጠጋቸው?»

ሸሚዝ ሲተኩሱ ውኃ ይጎርሳሉ፣
ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ፍፍፍ! አንገትጌው ላይ ይረጫሉ።
አንድ እንግዳ በመስኮት አይቶ ከሰሰ።
ሥራ አስኪያጇ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣
የፕላስቲክ መርጫ ገዝታ መጣች።
አመሰገኑ። ተቀበሉ። በሶብላውን አጠጡበት።
«ፕላስቲክ ሸሚዝ አያውቅም» አሉኝ ቀስ ብለው፣
«የትኛው እጅጌ እንደጠማው በምን ይለየው?»

አዲስ አንሶላ በላስቲክ ሲመጣ አያምኑትም።
«የፋብሪካ ውሸት አለበት፣ ይኮሰኩሳል፣
ሁለቴ ሳይታጠብ ሰው አታስተኚበት፣ ያቆስላል።»
ሁለቴ። ሁልጊዜ ሁለቴ።
ቧንቧው በደረቀ ቀን እንኳ፣
ቦቴ ጠብቀን።

ግንቦት ላይ ነው፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያስጮህበት፣
ባጃጅ ሁሉ የኒም ጥላ በሚሻማበት።
ሐሙስ አልመጡም።
ልጃቸው ደወለች።
«ከአሥር ሰዓት በፊት ነው የሚቀበሩት» አለች፤
ሌላ አላለችም።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጋዘን ወርዳ
አንድ አንሶላ ይዛ ወጣች፣ ከነላስቲኩ፣
«ይሄን አድርሺላቸው» አለችኝ፣ ዓይኗ ወደ ግድግዳ።
አልዋሽም፣ ደግ ነበረች ያን ቀን።
ግን አዲስ ነው።
ዳበስኩት። ኮስኳሳ።

አምስት ሰዓት ተኩል።
ምላጭ ወስጄ ጠርዙን ተረተርኩ፣
የሆቴሉን ስም፣ ሰማያዊውን ክር፣ ፊደል በፊደል ነቀልኩ፣
የመርፌ ቀዳዳ ብቻ እስኪቀር።
ከፈን ስፌት አይወድም፤ ይህንንም ከእሳቸው ነው የሰማሁት።
ማሽን ውስጥ አልከተትኩም። በእጄ፣ በሳፋ።
ሳሙናው አኮረፈ። ለመንኩት። ትንሽ አረፋ ሰጠኝ።
ሰገነት ወጥቼ ሰቀልኩ።
የድሬ ፀሐይ ላጣቢ ዘመድ ናት፤
የመጨረሻውን መቆንጠጫ ሳልሰካ
የመጀመሪያው ጫፍ ደርቋል።
አወረድኩ።
እንደገና አጠብኩ።
ከታች ይጣራሉ፦ «ኢፍቱ! የሁለት መቶ አራት ፎጣ!»
ይቆይ። ሁለት መቶ አራት ዛሬ በሸሚዙ ይድረቅ።

ካውያው ፊት ቆምኩ፣
እግራቸው ሲሚንቶውን በቦረቦረበት፣
ለእኔ ጫማ የሚሰፋ ጉድጓድ።
መርጫው በሶብላው አጠገብ ተቀምጧል፣ ግማሽ ውኃ ይዞ።
አየሁት፣ ተውኩት።
ውኃ ጎረስኩ።
ፍፍፍ።

ሕግ ሕግ ነው፤ ጨርቅ ያለ ወረቀት በዚያ በር አይወጣም።
ካርቦኑን አስገብቼ ጻፍኩ፦
ዓይነት፣ አንሶላ። ብዛት፣ አንድ። ሁኔታ፣ ንጹሕ።
የክፍል ቁጥር
የመመለሻ ቀን
እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ዘበኛው ደገፋው ወረቀቱን ተቀበለ፣
አነበበ፣ ባዶውን ቦታ በጣቱ ነካ፣
ኮፍያውን አወለቀ።
ትንሿን በር አልነበረም የከፈተልኝ፤
ትልቁን ነው፣ ሁለቱንም መዝጊያ፣
ለመኪና እንደሚከፍተው።