ድንገተኛ

ሰኞ ሰኞ በባቲ፣ በትልቁ ገበያ፣
ከግመል ተራው ጥግ ዘርግቶ ጆንያ፣
አባቴ አረቡ ሥር ይሸጣል፤
ቀጭን፣ ልጡ የጠቆረ፣
ከቆላ ጠረፍ ላይ በዶማ የተቆፈረ።
ስሙን ሲጠይቁት «ድንገተኛ» ይላል፤
ለድንገተኛ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል?
ሆድ በውድቅት ሲቆርጥ፣ ላብ ሲያጠምቅ ግንባር፣
ሥሩን እያኘኩ እስኪነጋ ማደር።

«መኪያስ የት ገባች?» ብለው የጠየቁት እንደሆነ፣
«እሷም ድንገተኛ ናት» ይላል እየሳቀ፣
ልጡን በጩቤ ጫፍ ቀስ አድርጎ እየፋቀ።
እውነቱን ነው፤
ደሴ ሆስፒታል፣ የድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነኝ።

አንድ ሌሊት በጭጋግ፣ ሐረጎን አቋርጦ፣
ከኮምቦልቻ አንድ ቻይና መጣ፣ ወዙ ተሟጦ፣
ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ።
በሱ ቋንቋ አቃሰተ፣ በኔ ቋንቋ አባበልኩት፤
መርፌውን ወጋሁት፣ ግሉኮስ ሰቀልኩት።
ሲነጋጋ ቀለለው። ኪሱን ዳበሰና፣
በወረቀት የታሰረች ጥቅል አወጣና
ዘረጋልኝ።

ሥር ነው!
በሰያፍ የተከተፈ፣ ስስ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ፣
ጉሮሮ ስናይ ምላስ እንደምንጫንበት እንጨት።
«ማ» አለኝ እያሳየ። «ማ፣ ማ።»
«ማ?» አልኩት እኔም።
እናቱን መሆኑን የነገረኝ ዓይኑ ነው።

ሁለት ቁራጭ ሰጠኝ። ሰኞ ባቲ ወረድኩ።
አባቴ አሸተተው፣ ሰበረው፣ ነከሰው፣
ግመል እንደሚገዛ ሰው ዝም ብሎ ቆየ።
«ይሄስ ዘመዳችን ነው፣ ያክስት ልጅ ይመስላል፤
የኛው መርሮ መርሮ ኋላ ይጣፍጣል፤
ይሄ ግን ከመነሻው ማሩን አልደበቀ፤
ውሃ ያልቸገረው ነው፣ ተዝናንቶ የጠለቀ።»
ከየት መጣ አላለኝም።
በዚያው በቻይናው ወረቀት ጠቅልሎ፣
አንድ ድንገተኛ ሰጠኝ ከጆንያው ነጥሎ።
«ለማ?» አልኩት፣
አፌን ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት።

ኮምቦልቻ ጠየቅኩ። ውሉ አልቋል አሉኝ፣
አገሩ ገብቷል። ስሙን በትክክል
የሚጠራልኝም አላገኘሁ።

ሥሩ ጋወኔ ኪስ ውስጥ፣ ከቴርሞሜትሩ ጋር
ይደርቃል። ጋወን ስቀይር እሱንም አዛውራለሁ።
ሌሊት በሩ ተበርግዶ ቃሬዛ ሲገባ፣
ኪሴን ነካ አድርጌ፣ መዝገቡን እከፍትና፣
ስም ልጽፍ፣
«ማ?» እላለሁ።