ግራ ጥርስ

ባልዲውን ደፍቶ፣ ከጋራዡ ደጃፍ ኦሬስት ተቀምጧል፤
ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ፣ እንደ ሰው አደራ፣ ዝም ብሎ ወድቋል።
ዐምና ደሙ ረግቶ ጭንቅላቱ ውስጥ መንገድ ሲዘጋበት
ግማሽ አፉም ሄደ፤ ዛሬ ቃል ሲፈታ፣
እንደ ዛገ ዳዶ፣ በስንት ጉልበት።

ውጭው ሳስካችዋን፤ ሜዳው እስከ ሰማይ፣ ተልባው አብቦ።
ውስጥ ኢንተርናሽናሉ፣
የሃምሳ አራት ሥሪት፣ የስንዴ ጫኙ፣ ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፤
ማርኪያን፣ የልጅ ልጁ፣ ለከተማዋ ልደት፣ ለሐምሌ ሰልፍ ብሎ
ከጣሪያ እስከ ቸርኬ ቀይ ቀለም ነክሮታል፣ እንደ ሙሽራ ኩሎ።

ዳርካ መፍቻ ይዛለች። ልጁ ናት፤ ስልሳ ሊሞላት ነው።
(በእኔ ቋንቋ መሣሪያው፣ ሲያጠብቁበትም፣
ስሙ መፍቻ ነው።
ለምን እንደ ሆነ፣ እሷን ሳይ ነው የገባኝ።)

የመጀመሪያውን ዳዶ ልታስር ስትል ሽማግሌው ጮኸ።
ቃል አልነበረም።
በግራ ጣቱ ጠቆማት፦
ዳዶው የሚያርፍበት ጎድጓዳ ከንፈር፣
እሱም ቀይ ተቀብቷል።

ቀለም ያምራል እንጂ አይሸከም።
ጭነት ሲመጣበት ይደቃል፣ ይሳሳል፤
ብረት ያቀፈ የመሰለው ዳዶ
ቀለም አቅፎ ይቀራል።
አውልቃ ፋቀች። በሽቦ ብሩሽ፣ በምላጭ፣ በጥፍሯም ጭምር፤
ዘይት ሳታስነካ፣ እስኪያበራ ድረስ፣ ዐሥሩንም ከንፈር።
ማርኪያን አኮረፈ። ሦስት ቅዳሜው ነበር።

የኋላው ጎማ ጥንድ ነው።
የውስጡን የያዘው ዳዶ የውጪውንም ይሸከማል፤
ውጪው ከታሰረ በኋላ ውስጡ አይታይም።
ላልቶ እንደ ሆነ ለማወቅ
አስቀድመህ የውጪውን ማላላት አለብህ።
ይህን ኦሬስት ለጎማ እንጂ ለሰው አላዋለውም።

አንዱን፣ ከዚያ ባሻገሩን፤
ጎረቤት ከጎረቤት ብቻ ከተሳሰረ ቸርኬው ይዘማል።
መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካች፣
ሰውነቷን ጣለችበት።

በግራ ጎን ግን ጥርሱ ግራ ነው፤
የሚታሰረው ሰው ሁሉ በሚፈታበት በኩል ነው፤
ቡሎኑ ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል ተቀርጻለች፣ ለማስታወሻ።
ኦሬስት ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን
እዚህ ላይ ግራ ገብቶት ሁለት ቡሎን በጠሰ።
ባልዲው ላይ የተቀመጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዳርካ ቀኝ እጁን ከጭኑ አነሣች፣
ጣቱን ፊደሏ ላይ አኖረች።
ይሰማው እንደሁ አልጠየቀችም።

ሰልፉ ሦስት መንገድ ብቻ ነበር፤
እሷ ግን ዋዜማውን ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነዳች፣ አባቷን ከጎኗ አድርጋ፤
አዲስ የታሰረ ጎማ
መንገድ ቀምሶ ነው እውነቱን የሚያወጣ።
ከሜትሮ ህናቲዩክ እርሻ አጠገብ ቆመች። የመረጠችው አልነበረም፤
ሰማንያው እዚያ ሞላ።

ኦሬስት በመስኮት ተልባውን አየ፣ ሰማያዊውን፣
“ጎማዬ” አለ። ቆይቶ፣ “እዚህ።”

በስልሳ ሦስት፣ ስንዴ ጭኖ ሲነዳ
በግራው በኩል አንድ ጎማ ቀደመው፣ ብቻውን፣ ሳይቸኩል።
“የማን ይሆን?” ብሎ ነበር።
ተልባውን ሰንጥቆ ገብቶ፣ እንደ ደከመው ሰው ተጋደመ፤
ከወዲህ ማዶ፣ መንገዱ ዳር፣
ሦስት ልጆች እንጆሪ ይለቅሙ ነበር።
ለሚስቱ “ፈንድቶብኝ ነው” አላት። ሞተች፣ እንዳመነችው።

ይህን ሁሉ አልተናገረም። የተናገረው ሁለት ቃል ነው፤
ቀሪውን ዳርካ መፍቻዋን ይዛ፣ ቁጢጥ ብላ ሞላችው፤
ከሦስቱ ልጆች አንዷ እሷ ነበረችና፤
ያ ሰማያዊ ሲሰነጠቅ አይታለች፤
ነፋስ መስሏት ነበር።

መፍቻውን ጫነች። ዳዶው ሩብ ዙር ሄደ፣ ጮኸ፣ ቆመ።
ዐሥሩንም ዞረች።
ሽማግሌው ከላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ትንፋሹን ይዞ።

ይጠብቃል
ብለን እንጽፋለን በፊደላችን፤
ላልቶ ሲነበብ ብረቱ፣
ጠብቆ ሲነበብ ሰውዬው።